ጨርቅ ያላሰርኩበት ቫልቭ

ደረጃው ሥር የተደረደሩትን ሦስት ቢጫ ጀሪካኖች ባየሁ ቀን፣ «የማን ናቸው?» ብዬ ለምን አልጠየቅሁም?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜው ስላለኝ መልሱን በየአቅጣጫው ፈልጌዋለሁ። ቸኩዬ ነበር እንዳልል አልቸኮልኩም። አላየኋቸውም እንዳልል፣ የአንዱ ክዳን ጠፍቶ አፉ በፌስታል መወተፉን ሳይቀር አስታውሳለሁ። እንጀራዬ ማየትና መጠየቅ ነበር። ያን ቀን አየሁ፤ አልጠየቅሁም።

መጀመሪያ ሥራዬ ምን እንደነበር ልናገር፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን አያውቅምና። መርካቶና ዙሪያዋ ያሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን እየዞርኩ ወጪ እንዲቆጥቡ እረዳ ነበር። ውሃቸው የት እንደሚፈስ፣ አምፖላቸው ሰው በሌለበት ክፍል ለማን እንደሚበራ፣ ወረቀታቸው ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ለምን እንደሚያልቅ፣ እግሩ የወለቀ ዴስክ ለምን እንደሚጣል አያለሁ፣ እለካለሁ፣ እጽፋለሁ። ከተቆጠበው ላይ መጽሐፍ ይገዛል፣ ጣሪያ ይጠገናል፤ ሐሳቡ ያ ነበር። ዳይሬክተሮቹ ከኋላዬ «አምፖል ቆጣሪዋ» ይሉኛል። እሰማለሁ፤ ግን መልስ አልሰጥም። ስለ ደመወዙ የማወራው የለኝም።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ቀን በአንድ ቢሮ ተላላኪ ሆኜ እሠራለሁ፤ ማታ እማራለሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ለተጻፈ ነገር ያለው አክብሮት ልክ የለውም። ሰው በአፉ የነገረኝን እጠራጠራለሁ፤ ወረቀት ላይ ካየሁት አምናለሁ። ምሳ ሰዓት ሌላው ተሰብስቦ ሲጫወት እኔ ጥግ ይዤ አነባለሁ። ሰው ማናገር ይከብደኛል። ይህን የምጽፈው ለጥፋቴ ማመካኛ እንዲሆን አይደለም፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ግን ማወቁ ያስፈልጋል።

አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ንብረት ክፍል አዛወሩኝ። አንድ ቀን ጋሼ ደምሴ የሚባሉ የጥገና ሠራተኛ ለትምህርት ቤቶች አምፖል ሊወስዱ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካቻቪቴ ከደረት ኪሳቸው የማይለይ ሰውዬ ናቸው። የተቃጠለውን ካላመጡ አዲሱን አልሰጥም አልኳቸው።

«ማነው እንደዚህ ያለሽ?»

«መመሪያው።»

«መመሪያውን አንብበሽዋል?»

«ሁለት ጊዜ።»

ሳቁ። «እዚህ ቤት ይኼን ያህል ዓመት ስሠራ ያነበበው ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። በይ ከነገ ጀምሮ ከኔ ጋር ትዞሪያለሽ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤዬ መጣ።

ከእሳቸው ጋር አሥራ አንድ ዓመት ዞርኩ። አንድ ግቢ ስንገባ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ አይደለም፤ ወደ ውሃ ቆጣሪው ነው። ቧንቧው ሁሉ እንዲዘጋ ያደርጉና ድንጋይ ስበው አጠገቡ ይቀመጣሉ። ቆጣሪው ውስጥ ጥርስ ጥርስ ያላት ትንሽ ቀይ መዘውር አለች። ግቢው ውስጥ አንድም ቧንቧ ሳይከፈት እሷ ከዞረች፣ የሆነ ቦታ ውሃ እየሾለከ ነው። «ይቺ ካልተኛች ግቢው አልተኛም» ይላሉ። ከዚያ የእንጨት ማስመሪያ አውጥተው አንዱን ጫፍ ቱቦው ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሮአቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ውሃ ሲሾልክ የሚያሰማውን ድምፅ በስድስት ወር አስለመዱኝ። ሲሾልክ እንደ ሹክሹክታ ነው፤ ሳጥን ሲሞላ ግን እንደ መታነቅ ያለ ድምፅ አለው።

ሁለተኛው ልማዳቸው ሰው መጠየቅ ነበር። «ዳይሬክተሩ የሚያውቀው ደብዳቤውን ነው፤ ዘበኛውንና ጽዳቷን ጠይቂ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ይኼ ነገር ይከብደኝ ነበርና አብዛኛውን ጊዜ እሳቸው ሲጠይቁ አጠገባቸው ቆሜ እጽፋለሁ።

አንድ ጊዜ ውሃው የሚሾልክበት ቦታ አልታይ ያለ ትምህርት ቤት ሄድን። ቀይዋ መዘውር ትዞራለች፤ እርጥብ ቦታ ግን የለም። ዘበኛው ከአጥሩ ሥር ጎመን ተክለዋል። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ጎመኑ ግን የክረምት ይመስላል።

«ስንቴ ታጠጣዋለህ?» አሏቸው ጋሼ።

«አላጠጣውም። እጄ ነው የተባረከው፤ እናቴም እንደዚሁ ነበረች።»

ጋሼ ተንበርክከው አፈሩን ጨበጥ አድርገው ለቀቁት። ማስመሪያውን መሬቱ ላይ ተከሉና አዳመጡ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «እጅህንስ እንጃ፤ የትምህርት ቤቱን ውሃ ለብቻው የሚጠጣ ጎመን ነው ያለህ» አሏቸው።

ቱቦው ከተጠገነ በኋላ ጎመኑ ጠወለገ። ዘበኛው አንድ ወር ሙሉ ሰላምታችንን አልመለሱም።

ሦስተኛውን ልማዳቸውን ነው ለይቼ መንገር የምፈልገው። አንዋር መስጊድ አካባቢ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ እየሄዱ ቀይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይለምናሉ። ለጥገና ብለው አንድ ቫልቭ በዘጉ ቁጥር አንዱን ቁራጭ ቫልቩ ላይ፣ ሌላውን ደግሞ ውሃው በሚደርቀው ቧንቧ ላይ በሦስት ቋጠሮ ያስራሉ። ሁለተኛው ፎቅም ይሁን አራተኛው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ወጥተው ያስራሉ። ከዚያ የጽዳት ሠራተኛዋን አስጠርተው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚሏት፤ «ይኼን የዘጋሁት እኔ ደምሴ ነኝ። ማክሰኞ እከፍተዋለሁ። ካልመጣሁ ቤቴ ድረስ መጥተሽ ስደቢኝ።» ቀኑ ይለያይ ይሆናል እንጂ ቃሉ አይለወጥም።

«ለዳይሬክተሩ በደብዳቤ ብናሳውቅ አይበቃም?» አልኳቸው አንዴ።

«ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ይገባል። እሷ ፋይል ውስጥ አይደለችም» አሉኝ።

ጋሼ ደምሴ ጡረታ ወጡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም አረፉ። ማስመሪያውንና በጥቅል የታሰረውን ቀይ ጨርቅ ለእኔ ትተውልኛል።

ብቻዬን የሠራሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ጥሩ ነበሩ። የተጣሉ ዴስኮችን በጋሪ እያስጫንኩ ምን አለሽ ተራ አወርዳለሁ። ከአሮጌ አልጋ ብረት አዲስ እግር ይበየድላቸዋል። እያንዳንዱን እግር በሜትር ስለምለካ በያጆቹ ያሾፉብኛል። «እትዬ፣ ዴስኩን ነው ወይስ ልጆቹን ነው የሚለኩት?» ይለኛል አንዱ። «ከግማሽ ጣት በላይ ከተዛነፈ ልጅ አይጽፍበትም፤ ፍታው» እለዋለሁ። እያጉረመረመ ይፈታዋል። ያን ጊዜ የተሠሩ ዴስኮች ዛሬም ድረስ ልጅ ይቀመጥባቸዋል፤ ይህን ስል ደስ ይለኛል።

ከዚያ አዲስ ኃላፊ መጣልን። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ግቢ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ የሚወደው ሪፖርት ነው። በየሩብ ዓመቱ የየትምህርት ቤቱ ፍጆታ ሲወርድ የሚያሳይ ሥዕል ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እኔም፣ ልደብቀው አልችልም፣ ያንን ሥዕል ወደድኩት። የእኔ መስመር ከሁሉም ቁልቁል የወረደ ሲሆን ቆሜ አየው ነበር።

ጎጃም በረንዳ ጀርባ፣ በመጋዘኖች መካከል፣ ባለ ሦስት ፎቅ ትምህርት ቤት አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ ዘይነባ ትባላለች። በእኔ ዕድሜ ናት፤ በልጅነቷ ከስልጤ መጥታ አንዋር ጀርባ ያደገች፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ሳቂታ ሴት። ስገባ ካየችኝ መጥረጊያዋን ትደገፍና፣ «እትዬ አስካለ መጡ። ዛሬ ደግሞ የትኛውን አምፖል ሊነቅሉብን ነው?» ትላለች። ሌላ ሰው ቢለኝ እቀየም ነበር። እሷ ስትለው ግን እስቃለሁ።

የዚያ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ አለ። የውሃ ሳጥኖቹ ጎማቸው አልቆ ቀን ከሌት ያፈሳሉ። አንድ አርብ ሄድኩና ወደዚያ ፎቅ የሚወጣውን ቫልቭ ዘጋሁት። ቫልቩ ከሕንጻው ጀርባ፣ መሬት ውስጥ፣ የሲሚንቶ ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ ነው። ሐሳቤ በሁለት ሳምንት ጎማዎቹን አስገዝቼ፣ ቀይሬ፣ መልሼ ልከፍተው ነበር።

ዘይነባን አስጠራኋት። ለጁምዓ ወጥታለች አሉኝ። አርብ የምሳ ሰዓት ረጅም ነው፤ መንገዱ በሰጋጅ ሊሞላ ነው፤ ታክሲ አይገኝም። ጨርቁ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሦስት ፎቅ ወጥቼ ማሰር እችል ነበር። ግን ለዳይሬክተሩ ደብዳቤ ጽፌ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው፣ አስፈርሜ ሰጥቻለሁ። ደብዳቤ ከጨርቅ ይበልጣል አልኩ በልቤ። ወጥቼ ሄድኩ።

ዳይሬክተሩ በዚያው ወር ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ደብዳቤዬ ጋሼ ደምሴ እንዳሉት ፋይል ውስጥ ገባ።

ጎማዎቹ ዘግይተው ቢሆንም መጡ። እዚህ ላይ ነው መጻፍ የሚከብደኝ። ሩብ ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። የዚያ ትምህርት ቤት መስመር ሥዕሉ ላይ ወደ ታች ወርዶ፣ ኃላፊው በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርቶ አመስግኖኛል። አሁን ብከፍተው መስመሩ ትንሽ ቀና ይላል። ጎማዎቹን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። «ሪፖርቱ ይውጣና» አልኩ። ለማንም አልነገርኩም፤ ለራሴ እንኳ ጮክ ብዬ አላልኩትም።

በዚያ መሐል ቆጣሪውን ለማንበብ ሄድኩ። ፍጆታው እኔ ካሰላሁት በታች ወርዷል። ሁለት ጊዜ አነበብኩ። አንድ ፎቅ ሙሉ መታጠብ ካላቆመ በስተቀር ያን ያህል ሊወርድ አይችልም። ጋሼ ደምሴ ቢሆኑ ድንጋያቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ «እነዚህ ልጆች በምን እየታጠቡ ነው?» ይሉ ነበር። ስወጣ ደረጃው ሥር ሦስት ቢጫ ጀሪካኖች አየሁ። እርጥብ ነበሩ፤ ሥራቸው ላይ ውሃ ተንጠባጥቧል። ዘይነባም ከደረጃው እየወረደች ነበር። ያን ቀን ስለ አምፖል አልቀለደችም። «ደህና ነዎት እትዬ» ብላ ፊቷን ወደ ጀሪካኖቹ አዙራ፣ ከእኔ የምትጋርዳቸው ይመስል ፊት ለፊታቸው ቆመች። «ደህና ነኝ» ብዬ አለፍኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ፎቅ ስትወጣ፣ በሁለት እጇ ሁለት ጀሪካን እንደያዘች፣ እርጥብ ደረጃ ላይ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ።

እንደሰማሁ ጎማዎቹን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሄድኩ። ቀይሬ ቫልቩን ለመክፈት አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። ከቧንቧዎቹ አንዱ እጀታው ወልቆ ነበር፤ እሱንም ተካሁት። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ውሃውን ከየት ታመጣ እንደነበር የነገሩኝ የግቢው ዘበኛ ናቸው። ከጎረቤት መጋዘን ለምና፣ ልጆቹ ሳይገቡና ከወጡ በኋላ፣ በየቀኑ ታመላልስ ነበር። «የግቢውን ቧንቧ ለምን አትጠቀሚም ስላት ዝም ትለኛለች» አሉኝ። ለዚያ ነው ቆጣሪው ያን ያህል የወረደው።

ብርቱካን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ልነግራት ነበር የሄድኩት።

«እትዬ፣ ሦስተኛ ፎቅ ውሃ መጣ አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ማን ሠራው?»

«ከቢሮ ሰው መጥቶ ነው» አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ሕመሙ ነው ብዬ ነርስ ጠራሁላት።

ዘይነባ ወደ ሥራ አልተመለሰችም። የኮንትራት ሠራተኛ ስለነበረች ቦታዋን ሌላ ሰው ያዘው። እኔ ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ሠራሁ። ቫልቭ በዘጋሁ ቁጥር ሁለት ቦታ ጨርቅ አሰርኩ፤ የጽዳት ሠራተኛ ሳላናግር ከግቢ አልወጣሁም። ጠንቃቃ ነች ተባልኩ። የምስጋና ወረቀት አለኝ፤ አልሰቀልኩትም።

የመጨረሻው ቀን ላይ ዕቃዬን ለተተኪዬ አስረከብኩ። ሜሮን የምትባል ወጣት መሐንዲስ ናት። ዛሬ የብዙ ትምህርት ቤት ቆጣሪ ስልኳ ላይ ይታያል፤ ድንጋይ ላይ መቀመጥ አያስፈልጋትም። ማስመሪያውን በፈገግታ ተቀበለችኝ። ከዚያ ጥቅሉን አነሣች።

«ይኼ ጨርቅ ለምንድነው እትዬ?»

ውሃ ስንዘጋ እናስረዋለን ብዬ ጀመርኩ።

«ባይታሰርስ ምን ይሆናል?»

ለእሷ የምነግራት መልስ መጀመሪያ የሚገባው ለሌላ ሰው ነበር።

በማግስቱ አንዋር ጀርባ ጠይቄ ጠይቄ የዘይነባን ቤት አገኘሁት። በር ላይ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ለቅመም ነጋዴ ኮረሪማ ትፈለፍላለች። ምርኩዟ አጠገቧ ተደግፏል። ጀርባዋ ጎብጧል። ቀና ብላ አየችኝና፣ «እትዬ አስካለ። እዚህ ቤት እንኳ አንድ አምፖል ብቻ ነው ያለው» አለች።

አልሳቅሁም። የሰጠችኝ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና መንገድ ላይ ሳጠናው የመጣሁትን ተናገርኩ።

«ዘይነባ፣ ያኔ ሦስተኛ ፎቅ ውሃ የጠፋው ቫልቩ ተዘግቶ ነው። ከሕንጻው ጀርባ ያለው። የዘጋሁት እኔ ነኝ። መጠገኛው በእጄ ነበር፤ እያለኝ አቆየሁት።»

እጇ መፈልፈሉን አላቆመም።

«መቼ?»

«አርብ ቀን። አንቺ ለጁምዓ ወጥተሽ።»

«አርብ» አለች። አሁን እጇ ቆመ። «ቅዳሜ ጠዋት ልወለውል ወጣሁ። ቧንቧውን ባዞረው እምቢ አለኝ። ጨክኜ ሳዞረው እጀታው በእጄ ወጣ። ውሃም የለም።»

ያን እጀታ በኋላ የተካሁት እኔ ነኝ።

«የሰበርኩት እኔ መስሎኝ» አለች። «የፎቁን ውሃ በሙሉ። ኮንትራቴ ሊታደስ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ካወቁ ያባርሩኛል አልኩ። እጀታውን ሻሼ ውስጥ ጠቅልዬ ቤት አመጣሁት። ልጆቹን ለማንም እንዳትናገሩ፣ ውሃ እኔ አመጣላችኋለሁ አልኳቸው። ደረጃው ሥር ያየሽኝ ቀን፣ ደረሱብኝ ብዬ ጀሪካኖቹን ከለልኳቸው።»

«ሆስፒታልስ?»

«ከቢሮ ሰው መጥቶ ሠራው ስትይኝ፣ በቃ እኔ መሆኔ ታወቀ አልኩ። ለዚያ ነው ሥራው ይመለስልኝ ብዬ ሄጄ ያልጠየቅሁት።»

አንቺ እያለችኝ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ይቅርታ አልኳት። የሰማችኝ አልመሰለኝም። ከጓዳ የሰሐን ድምፅ ይመጣ ነበር፤ ልጇ ረሂማ ናት።

«ያንን እጀታ እስከ አምና አስቀምጬው ነበር» አለች ዘይነባ። «እሷ ናት የጣለችው። ትቆጣኛለች። ዕቃ ሰብረሽ፣ ደብቀሽ፣ በዚያ ላይ ራስሽን ሰበርሽ ትለኛለች። ምን እመልስላታለሁ? እውነት ነው እላለሁ።» ከዚያ ወደ ጓዳው ዞራ ተጣራች። «ረሂማ። እጅሽን ጥረጊና ነይ እስኪ ወዲህ።»

ረሂማ በሩ ላይ ቆመች። ሠላሳ የሚሆናት፣ የእናቷን ቀጥ ያለ ቁመት የወሰደች ሴት ናት። እኔን አየችኝ፤ እናቷን አየቻት።

«ድገሚላት» አለችኝ ዘይነባ።

ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመርኩ።

«ከፍ አድርጊው። ከዚያ ሆና አትሰማም።»

ከበርጩማው ተነሥቼ ቆምኩ። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ የሚይዘው ጨርቅ ፈለገ፤ ጥቅሉን ለሜሮን ሰጥቼዋለሁ። ባዶ እጄን አወጣሁት።

«ያን ውሃ የዘጋሁት እኔ አስካለ ነኝ» አልኩ።